ሽርሽር ከመመለሻው ይታቀዳል

ዒድ ሲቃረብ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወይም ከውጭ አገር ዘመድ ሲመጣ በአጋሮና በአካባቢዋ ባሉ ቤቶች አንድ ክርክር ይነሳል። እንግዳው የሚቆየው ጥቂት ቀን ነው። ዘመድ ሲጠየቅ፣ ለቅሶ ሲደረስ፣ የታመመ ሲጎበኝ ቀኑ ያልቅና ለሽርሽር የምትተርፈው አንዲት ቀን ብቻ ትሆናለች። ልጆቹ የዱር አራዊት ማየት ይፈልጋሉ። አንዱ «ጅማ ወርደን ቦዬ ላይ ጉማሬ እንይ» ይላል። ሌላው «ጌራ ጫካ ገብተን ጉሬዛ እንይ» ይላል። ወጣቶቹ ደግሞ «ጨበራ ድረስ ሄደን ዝሆን ሳናይ አንቀርም» ይላሉ። አባት ገንዘቡን ያሰላል፤ እናት ስንቁን ታሰላለች። የመመለሻውን ሰዓት የሚያሰላ ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ውድ አንባቢያን! በዚህ ጽሑፍ ልናነሳ የፈለግነው ይህንኑ የተረሳ ስሌት ነው። የአንድ ቀን ሽርሽር መመረጥ ያለበት በሚታየው እንስሳ ትልቅነት ሳይሆን ቤተሰቡ ያለ ጥድፊያ በሚመለስበት ሰዓት ነው ብለን እናምናለን። ነገሩን ግልጽ ለማድረግ በመጀመሪያ ወደ አንድ ሩቅ አገር ተሻግረን፣ ከዚያ ወደ አጋሮ እንመለሳለን።

መርከቡ አይጠብቅም

በሰሜን አሜሪካ ጫፍ ላይ በምትገኘው አላስካ በየዓመቱ የበጋ ወራት ብዙ ሺህ መንገደኞችን የጫኑ ግዙፍ የሽርሽር መርከቦች ይመላለሳሉ። ከሚያርፉባቸው ወደቦች አንዷ ኬቺካን ትባላለች። መርከቡ እዚያ የሚቆየው ለጥቂት ሰዓታት ስለሆነ፣ መንገደኛው በእነዚያ ሰዓታት ምን እንደሚያይ አስቀድሞ መምረጥ አለበት። ከምርጫዎቹ አንዱ ድብ ማየት ነው። ድቦቹ ከሚታዩባቸው ወንዞች ብዙዎቹ የመኪና መንገድ በማይደርስበት ጫካ ውስጥ በመሆናቸው ብዙዎች ወደዚያ የሚሄዱት ውሃ ላይ በሚያርፍ ትንሽ አውሮፕላን ነው። ይህ አውሮፕላን በጎማ ፋንታ እንደ ታንኳ የሚንሳፈፉ ሁለት ረጃጅም እግሮች አሉት። ሳልሞን የተባለው ዓሣ እንቁላሉን ለመጣል ከባሕር ወደ ወንዝ ሽቅብ በሚወጣበት ወቅት ድቦቹ ከወንዙ ዳር ተሰብስበው ሲያጠምዱ ይታያሉ። ዋጋው ለአንድ ሰው በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው።

ትዕይንቱ የአላህን ጥበብ የሚያሳይ ድንቅ ነገር መሆኑ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ከጀርባው የሚገፋ ኃይል አለ፤ እሱም ሰዓት ነው። መርከቡ በተወሰነለት ሰዓት መነሳት አለበት። በግሉ አውሮፕላን ተከራይቶ የሄደ መንገደኛ ከዘገየ መርከቡ ጥሎት ሊሄድ ይችላል። የኬቺካን ሰማይ ደግሞ ዝናብና ጭጋግ የሚያዘወትረው ነው። መመለሻው በጠበበ ቁጥር «አየሩ እስኪጠራ እንጠብቅ» ማለት ይከብዳል።

ሰኔ 18 ቀን 2007 ዓ.ም. በኬቺካን አቅራቢያ የደረሰው አደጋ ይህንኑ ያሳያል። የመርከብ መንገደኞችን ጭኖ፣ ድብ ሳይሆን የአካባቢውን ተራሮችና የባሕር ሰርጦች አስጎብኝቶ ሲመለስ የነበረ እንዲህ ያለ አውሮፕላን ከተራራ ጋር ተጋጨ። አብራሪውና ስምንቱም መንገደኞች ሞቱ። አደጋውን የመረመረው የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ አብራሪው ደመና ወደ ሸፈነው ተራራማ ቦታ መብረሩን መቀጠሉን ገልጿል። በአስጎብኚው ድርጅት ውስጥ በመጥፎ አየር መብረር እንደ ተራ ነገር መታየቱንና የመርከቡ የመነሻ ሰዓት ያሳደረውን ግፊትም አንስቷል። ሰዓት ሲያጥር መሪውን የያዘ ሰው ደመናውን ማየት ትቶ የእጅ ሰዓቱን ማየት ይጀምራል።

የእኛ መርከብ ጀምበር ናት

በአጋሮ መርከብ የለም፤ ውሃ ላይ የሚያርፍ አውሮፕላንም የለም። ነገር ግን እኛንም የምታስቸኩል አለች፤ እሷም የምትጠልቀው ጀምበር ናት። ከአጋሮ እስከ ጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ በኮረብታና በቡና ጥላ መካከል የሚጠማዘዝ ነው። ሲመሽ ከብት ከግጦሽ ይመለስበታል፣ ገበያተኛ በእግሩ ይጓዝበታል፣ የጭነት መኪና ያለ መብራት ዳር ይዞ ይቆምበታል። ዝናብ ከተጨመረበት ደግሞ የለመደው ሹፌር እንኳ ይቸገራል።

ጉማሬ ቀኑን ውሃ ውስጥ የሚያሳልፍ እንስሳ ነው። ቆዳው ፀሐይ አይችልምና ዓይኑን፣ ጆሮውንና አፍንጫውን ብቻ ብቅ አድርጎ ይተኛል። ከውሃው ወጥቶ ሣር ለመጋጥ የሚነሳው ሲመሽ ነው። በመሆኑም ብዙ ሰው ከሰዓት በኋላ ቆይቶ ይሄድና ጉማሬው «አሁን ይወጣል፣ አሁን ይወጣል» እያለ እስከ መግሪብ ይጠብቃል። እንስሳው ብቅ ሲል ልጆቹ ይደሰታሉ፤ ወዲያው ግን ጨለማው ይወርዳል። ሹፌሩ ይጣደፋል፤ እናት «ቀስ በል ልጄ» ትላለች፤ ሹፌሩም «መሽቷል እኮ እናቴ» ይላል። የኬቺካኑ ግፊት በጅማና በአጋሮ መንገድ ላይ እንዲህ ሆኖ ይመጣል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ጉማሬ ከሌሊት ግጦሹ የሚመለሰው ሊነጋጋ ሲል ነው። ስለዚህ በማለዳ የደረሰ ሰው የማየት ዕድል አለው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሙሉ ቀን ከፊቱ ይቀረዋል።

ሦስቱ ምርጫዎች

የመጀመሪያው ቦዬ ነው። ከጅማ ከተማ ዳር፣ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ በኩል የሚገኝ ረግረግና ውሃ ነው። ጉማሬ ይታይበታል፤ ራሷ ላይ እንደ አክሊል የቆመ ወርቃማ ላባ ያላት ባለ ረጅም እግር ወፍን ጨምሮ ብዙ ዓይነት አዕዋፍ አሉበት። ትልቁ ጥቅሙ ግን ከተማ ዳር መሆኑ ነው። ዝናብ ቢመጣ መጠለያ ቅርብ ነው፤ ልጅ ቢታመም ሐኪም ቤት ቅርብ ነው፤ ጉማሬው ባይወጣ ቀኑ አይባክንም። ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ጅሬን ላይ፣ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን ያስተዳደሩት የንጉሥ አባ ጅፋር ዳግማዊ ቤተ መንግሥት አለ። ለልጆች ይህም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

ሁለተኛው የጌራ ጫካ ነው። ከአጋሮ ወደ ጪራ በሚወስደው መንገድ ስለሚደረስ ለአጋሮ ሰው ጅማ መውረድ ሳያስፈልግ ሊጎበኝ ይችላል። ቡና በተፈጥሮ ጥላ ሥር ራሱ የሚበቅልበት ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው። በዛፎቹ አናት ላይ ነጭና ጥቁር ካባ የለበሰ የሚመስለው ጉሬዛ ቅጠል እየበላ ይዘላል። ጉሬዛ ሰው አይተናኮልም፤ በቀንም ይታያል። ችግሩ መንገዱ ነው። በክረምት ጭቃው መኪና ይይዛልና ይህን ጉዞ ለበጋው ወራት ማቆየት ይሻላል።

ሦስተኛው ጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ ነው። በዳውሮና በኮንታ መካከል የሚገኝ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የተቋቋመና በዝሆኖቹ የሚታወቅ ፓርክ ነው። ከሦስቱ ትልቁን እንስሳ የሚያሳየው እሱ ነው። ነገር ግን ከአጋሮ ጅማ፣ ከጅማ ደግሞ በጭዳ በኩል የሚያስኬደው መንገድ ረጅም ነው። ዝሆን እንደ ከብት በረት ውስጥ አይጠብቅምና ፓርኩ ደርሶም መፈለግ ያስፈልጋል። በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ማለት ሌሊት መንዳት ማለት ነው። ስለዚህ ወጣቶቻችን ሆይ! ጨበራን አትተዉት፤ ግን ሁለት ወይም ሦስት ቀን ስታገኙ፣ ማደሪያችሁን አስቀድማችሁ ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ቀን ብቻ ያለው ቤተሰብ ግን ቦዬን ወይም ጌራን ይምረጥ።

ከመነሳት በፊት የሚቆረጡ ጉዳዮች

አንደኛው የሹፌሩ ጉዳይ ነው። ሚኒባስ በኮንትራት ሲያዝ ስለ ዋጋው ብቻ መነጋገር አይበቃም። ሹፌሩ በዚያ ቀን ሌላ ጭነት እንዳይዝ፣ ትርፍ ሰው እንዳይጭን፣ ዝናብ ከጣለ ጉዞው ለሌላ ቀን እንዲተላለፍ ቀብድ ከመስጠት በፊት መስማማት ያስፈልጋል። «ቀብድ ተከፍሏል» ተብሎ በዝናብ የሚወጣ ቤተሰብ ገንዘቡን ያተረፈ ይመስለዋል እንጂ አላተረፈም።

ሁለተኛው የመሪው ጉዳይ ነው። ሦስት ሆነው የሚጓዙ ሰዎች ከመካከላቸው አንዱን አሚር እንዲያደርጉ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። በሽርሽር ቀን የአሚሩ ዋና ሥራ «ይብቃን፣ እንመለስ» ማለት ነው። ይህ ቃል ከአፉ ሲወጣ ሌላው መከራከር የለበትም። ጥሩ አሚር ደግሞ ልጅዋን በእጇ የያዘችው እናት «ሰጋሁ» ስትል ይሰማል፤ አደጋን ከሌላው ቀድማ የምታይ እሷ ናትና።

ሦስተኛው ከእንስሳው ጋር ያለው ርቀት ነው። ጉማሬ ወፍራምና ዘገምተኛ ስለሚመስል ብዙ ሰው ይንቀዋል። ክብደቱ ከ1,500 ኪሎ ሊበልጥ የሚችል ይህ እንስሳ በየብስ ላይ ለአጭር ርቀት ከሰው ይፈጥናል። አፉን በሰፊው ሲከፍት እንቅልፍ መጥቶበት ሳይሆን «ራቁ» ማለቱ ነው። ከሁሉ የሚከፋው በጉማሬውና በውሃው መካከል መቆም ነው፤ ግልገል ያላት እናት ደግሞ ይበልጥ ታስፈራለች። ከውሃው ዳር በሣሩ መካከል የተረገጠ ጠባብ መንገድ ካያችሁ የእሱ መተላለፊያ ሊሆን ይችላልና አትቁሙበት። ከፍ ካለ ቦታ ሆናችሁ፣ ከመቶ እርምጃ ባላነሰ ርቀት፣ ሕፃናትን በእጅ ይዛችሁ ተመልከቱ። ጉማሬው የት እንዳለ ከብት የሚጠብቁትን የአካባቢውን ሰዎች ጠይቁ። «እንዲንቀሳቀስልን» ብሎ ድንጋይ መወርወር ለራስም አደጋ ነው፤ የአላህን ፍጡር ለጨዋታ ማሰቃየትም ነው።

ሰዓቱ እንዲህ ቢሆንስ?

ቦዬን ለመረጠ የአጋሮ ቤተሰብ የምንመክረው የሰዓት አያያዝ ይህ ነው። ሱብሂ ተሰግዶ፣ ስንቁ ማታውኑ ተሰናድቶ፣ የመንገድ ዱዓ ተደርጎ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ መነሳት። አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ቦዬ ደርሶ እስከ ሦስት ሰዓት መቆየት። ጉማሬው ታየም አልታየም ሦስት ሰዓት ላይ መነሳት። ከዚያ ጅማ ቁርስ ቀምሶ ወደ ጅሬን መውጣትና ቤተ መንግሥቱን መጎብኘት። ዙህርን በጀመዓ ሰግዶ፣ ምሳ በልቶ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ወደ አጋሮ መመለስ። በዚህ አኳኋን አስር ሶላት የሚደርሰው ቤት ከተገባ በኋላ ነው። ጎማ ቢፈነዳ ወይም ዝናብ ቢያስቆም እንኳ እስከ መግሪብ ብዙ ትርፍ ሰዓት አለ። ይህ ትርፍ ሰዓት የባከነ እንዳይመስለን፤ ሹፌሩ ሳይጣደፍ እንዲነዳ የሚያደርገው እሱ ነው።

አንዳንድ ሰው «አላህ ከጠበቀን ምን ይመጣብናል» ይላል። እርግጥ ነው፤ ጠባቂው አላህ ነው። ግን ግመሉን ሳያስር የሚሄድ ሰው ተወኩል አደረገ እንደማይባል ሁላችንም ተምረናል። በቀን መመለስ የዚህ ጉዞ ግመል ማሰር ነው።

ለልጆቻችን የሚቀረው

ልጆቹ ጉማሬ ሳያዩ ቢመለሱ ያዝኑ ይሆናል። ወላጆች ከመነሳታቸው በፊት ሊነግሯቸው የሚገባ ነገር አለ። የዱር እንስሳ በገንዘብ የሚታዘዝ አይደለም፤ ማየት ሪዝቅ ነው። ይህን የተረዳ ልጅ ወፏንም፣ ሣሩንም፣ ውሃውንም ማየት ይለምዳል።

ውሃው ከየት እንደሚመጣም ይጠይቅ። በጅማ ከተማ መካከል የሚያልፈው የአዌቱ ወንዝ የከተማውን ቆሻሻ ይዞ ወደ ቦዬ ረግረግ ይወርዳል። ዛሬ የጣልነው ፌስታል ነገ ከጉማሬው አፍ ዘንድ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የስንቁን ትርፍ፣ የውሃውን ፕላስቲክና የሙዙን ልጣጭ ሰብስቦ ወደ ቤት የመመለሱ ኃላፊነት ለትንሹ ልጅ ይሰጠው። ይህ ካልተጠበቀ ለቀጣዩ ዒድ እንግዳችንን የምንወስድበት ቦታ አይኖርም።

እንግዲህ ውድ ቤተሰቦች፣ በሚቀጥለው ጊዜ «የት እንሂድ?» የሚለው ክርክር ሲነሳ አስቀድማችሁ «ስንት ሰዓት ቤታችን እንሁን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከታወቀ የት እንደሚኬድ መምረጥ ቀላል ነው። አላህ ወጥታችሁ በሰላም የምትመለሱ ያድርጋችሁ። አሚን።