ቢቸና ውሃዋን ከየት ታምጣ?

ሚያዝያ ሲገባ ቢቸና በሚገኘው የልጅነቴ ሰፈር ቦኖው ደጃፍ ላይ ጀሪካኖች ተሰልፈው ያድሩ ነበር። የእናቴ ቢጫ ጀሪካን ክዳኑ ጠፍቶ በጨርቅ ይወተፋል፤ ነፋስ ወስዶት ተራችን እንዳይጠፋ ጆሮው ላይ ድንጋይ ትጭንበታለች። ንጋት ላይ ቧንቧው መጀመሪያ አየር ይተፋል፣ ያጉረመርማል፣ ከዚያ ክር የምታህል ውሃ ትወርዳለች። ሁለተኛውን ጀሪካን ሳንሞላ የምትቋረጥበት ቀን ብዙ ነበር።

ወረፋው ላይ ወሬው ሁሌም ዓባይ ነው። «ይኼን የሚያህል ወንዝ ከእግራችን ሥር እያለ!» ይባላል። አንዲት ጎረቤታችን «ልጄ፣ አንቺ ከተማርሽ በሞተር ታወጪልናለሽ» ይሉኝ ነበር። ቃላቸውን አልረሳሁትም፤ ተምሬ ሒሳቡን ሠራሁት።

ቢቸና 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ዓባይ ከእሷ ከ1,300 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ በገደሉ ውስጥ ይሄዳል። 1 ሜትር ኩብ ውሃ፣ ማለትም 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ያንን ዳገት ለማውጣት የሞተሩና የቧንቧው ብክነት ሳይቆጠር ብቻውን ከ3.5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ መብራት ይፈልጋል። በካሊፎርኒያ ውሃን ተራራ የሚያሻግረው ግዙፉ የኤድመንስተን ፓምፕ ጣቢያ ሽቅብ የሚገፋው 587 ሜትር ነው። የእኛ ዳገት ከእጥፉም ይበልጣል።

ውሃን ከአገር አገር ያዘዋወሩ ትልልቅ ሥራዎችን ባየሁ ቁጥር ቁልቁለት ይታየኛል። ቻይና እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የደቡቡን ውሃ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ አጉዛ ቤጂንግ የምታደርሰው፣ መነሻው ከመድረሻው ከፍ ስለሚል ነው። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስም ሥራ እንዲሁ ነው፤ የጣና ውሃ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በዋሻ ተጉዞ ወደ በለስ ሲወርድ 460 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው።

ታዲያ ለእኛ ቁልቁለቱ በየት በኩል ነው? ከቢቸና ወደ ሞጣ ስትጓዙ ድልድዮቹን ልብ በሉ። ወንዙ ሁሉ ከግራ፣ ከጮቄ በኩል መጥቶ፣ ከመንገዱ ሥር አልፎ፣ ወደ ቀኝ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ተራራ ነው፤ የሙጋና የሱሃ ወንዞችም ልጆቹ ናቸው። የውሃ ማማችን ከራሳችን በላይ ቆሞ እኛ ገደል ገደሉን እናያለን።

ግን ማማው ያፈስሳል። ጓሳና አስታ የለበሰ አፈር ዝናቡን እንደ ስፖንጅ መጥጦ ለምንጮች ቀስ እያለ ይለቃል። ያ ተዳፋት ለገብስና ለድንች ሲታረስ ዝናቡ አፈሩን ይዞ ይወርዳል። ታች ያለው ዋልካ አፈራችንም አያግዘንም፤ አንዴ ከጠገበ ያብጥና ውሃ አላሰርግ ይላል፣ በጋ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሆናል። ነሐሴ ላይ ቡና መስሎ ሲያገሳ የሰማሁትን ሱሃን ሚያዝያ ላይ ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጥሁ ተሻግሬዋለሁ።

ከተሜው በጁ ያለውን ይሥራ። 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 1,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 40 ሜትር ኩብ፣ 2,000 ጀሪካን ነው። የእናቴ ቤት አሸንዳና ሮቶ ያስገጠምሁ ዕለት ማታ ዘነበ። ሮቶው ሞልቶ ሲፈስ ሰምታ በሌሊት ተነሣች፤ ድስት፣ ሳፋ፣ ባልዲ፣ ያን ክዳን የለሽ ጀሪካን ሳይቀር ደረደረችበት።

ጮቄን ግን በጣሪያ አንተካውም። እዚያ ላይ እርከን የሚሠራውና ተዳፋቱን ለጓሳ የሚለቀው ገበሬ ከጎተራው ገብስ እየቀነሰ ነው። ይህን «ተፈጥሮን ጠብቅ» ብሎ በስብሰባ ብቻ መጠየቅ ግፍ ይመስለኛል። ከቢቸናና ከሞጣ የውሃ ቢል ላይ በየወሩ ጥቂት ብር ተነሥቶ፣ ያልታረሰው መሬት ተለክቶ፣ ሐምሌ ሳይገባ እጁ ላይ ይድረስ። እኔ የቤቴን ለመክፈል ዝግጁ ነኝ፤ እናቴም፣ ያ ወረፋ ትዝ ስለሚላት፣ ከእኔ ቀድማ ትከፍላለች።