በሬው ሳይሸጥ

ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በደባርቅና በጎረቤቷ በዳባት ደጋማ ቀበሌዎች ገብስ ዋነኛ እህል ነው። አዝመራው ተሰብስቦ ጎተራ የሚገባው ከክረምት በኋላ በመሆኑ፣ ምርቱ ባነሰ ዓመት ጎተራው የሚራቆተው የእርሻ ጉልበት እጅግ በሚፈለግበት በክረምት ነው። ለመሆኑ አንድ የገበሬ ቤተሰብ ይህን ጊዜ እንዴት ይሻገረዋል?

ቤተሰቡ የሚወስዳቸው እርምጃዎች ቅደም ተከተል አላቸው። በመጀመሪያ ማዕዱን ይቀንሳል፤ ከዘመድ እህል ይበደራል፤ ዶሮና በግ ይሸጣል፤ ጉልማሳው ለቀን ሥራ ወደ መተማ ቆላ ይወርዳል። የእርሻ በሬ ወደ ገበያ የሚነዳው በመጨረሻ ነው። ብድሩም በጉም በደህና መኸር ይተካሉ። በሬውን የሸጠ ገበሬ ግን መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ ምርቱን ለመካፈል ይገደዳል፤ በዚህም የአንድ ዓመት እጦት የብዙ ዓመታት ድህነት ይሆናል። የሕፃናት ማዕድ መቀነስም እንዲሁ ነው፤ ከ2 ዓመት ዕድሜ በፊት የደረሰ መቀንጨር ኋላ በቀላሉ አይካስም።

ገበያውም ችግሩን ያብሰዋል። ለምሳሌ ያህል በደህና ዘመን 1 በግ 1 ኩንታል ገብስ ይገዛል እንበል። በክፉ ዘመን ሁሉም በግ ለመሸጥ ስለሚወጣ የበግ ዋጋ በግማሽ ቢወርድና የገብስ ዋጋ እጥፍ ቢሆን፣ ለዚያው ኩንታል 4 በጎች ያስፈልጋሉ። አማርትያ ሴን በ1973 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት የወሎን ረኃብ መርምረው ያስገነዘቡት ይህንኑ ነው፦ ሰው የሚራበው እህል ከአገር ስለጠፋ ብቻ ሳይሆን እህል የሚያገኝበት አቅም ስለሚከዳው ጭምር ነው።

ወንፈል፣ ደቦ፣ እድርና ማኅበር የቆዩ መደጋገፊያዎቻችን ናቸው። አንድ ቤት ሲታመም ወይም ሲያዝን ጎረቤት ይደርሳል። በረዶ፣ ድርቅ ወይም ጦርነት አካባቢውን በሙሉ ሲመታ ግን ረጂውም ተረጂ ይሆናል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ጦርነት ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ሲደርስ፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምትም በጃናሞራ፣ በበየዳና በጠለምት ዝናብ ሲያጥር የታየው ይኸው ነው።

ስለዚህ ከአካባቢው የሰፋ መረብ ያስፈልጋል። በ1997 ዓ.ም. በአገራችን የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የተነደፈው ለዚህ ነው። መሥራት የሚችሉ እርከን በመሥራትና መንገድ በመጥረግ ጥሬ ገንዘብ ወይም እህል ያገኛሉ፤ አረጋውያንና ሕሙማን ያለ ሥራ ይደገፋሉ።

ይሁን እንጂ ወሳኙ የድጋፉ መጠን ብቻ ሳይሆን የሚደርስበት ጊዜም ነው። በክረምቱ መግቢያ የተከፈለ ብር በሬውን ከቤት ያስቀራል፤ ያው ብር ከሁለት ወር በኋላ ቢመጣ በሬው ተሸጦ ያገኘዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እኛ ደግሞ መረቡ አንበሳው ሳያልፍ መዘርጋት አለበት እንላለን።