መቻል አፉን የፈታ ሰሞን

የጎረቤታችን የእማማ ልጅ የተገላገለች ሰሞን፣ እኔና ባለቤቴ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ለማለት ሄድን። ገንፎው ቀረበ። ገና የመጀመሪያዋን ጉርሻ ሳነሳ ከግድግዳው ወዲያ ውሻ ጮኸ። አንዴ ጮኾ ዝም ቢል ጥሩ ነበር፤ ቀጠለ እንጂ አላቆመም። ሕፃኗ ብርግግ ብላ አለቀሰች፣ አራሷ ዓይኗን ጨፈነች። እማማ ምንም አላሉም፤ "ብሉ እንጂ፣ ምነው ዝም አላችሁ" ብቻ አሉን። የራሳችንን ውሻ ሰው ቤት ተቀምጬ ስሰማው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ገንፎው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

ውሻችን መቻል ይባላል። ስሙን ያወጣችለት የዘጠኝ ዓመት ልጄ ናት፤ በሰፈሩ ውስጥ ሌሎች ሦስት መቻሎች እንዳሉ ብንነግራትም ግድ አልሰጣትም። የሁለት ወር ቡችላ ሆኖ ሲመጣ ድምፅ የሚባል ነገር አልነበረውም። ባለቤቴ "ይሄ እንኳን ሌባ ዝንብም አያስደነግጥ" እያለ ያሾፍበት ነበር። ስድስት ወር ሲሞላው አፉን ፈታ። በር ሲንኳኳ ጮኸ፣ "ጎበዝ!" አልነው። ቆራሌው ሲያልፍ ጮኸ፣ ሳቅን። ከዚያ ድመቱ፣ ከዚያ አምቡላንሱ፣ ሌሊት ደግሞ ከእንጦጦ በኩል የጅብ ድምፅ ሲሰማና የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ሲነሣ የኛውም አብሮ። ውሻ በበላበት ይጮሃል የሚለው ተረት፣ ግድግዳ ስለሚጋራ ጎረቤት የሚለው ነገር የለም።

ከአራስ ጥየቃው የተመለስን ዕለት ማታ ባለቤቴ ነጠላ ጫማውን አወለቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መቻል አፉን በከፈተ ቁጥር "ዝም በል!" ይከተላል፤ ካላቆመ ጫማው ይወረወራል። እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም፤ መጥረጊያ ይዤ ያባረርኩበት ቀን አለ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ዝም አለ። እማማ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው "እግዜር ይስጣችሁ፣ አራሷ እንቅልፍ አገኘች" አሉን። እኛም ውሻ አሠልጥነን የጨረስን መሰለን።

የውኃ ቆጣሪ አንባቢው የመጣው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። አንኳኩቶ "ውሻ አለ?" ብሎ ጠይቋል፤ እኔ ጓዳ ስለነበርኩ አልሰማሁትም። የውሻም ድምፅ ስላልሰማ ገባ። ቆጣሪው ያለው ከመቻል ቤት አጠገብ ነው። ልጁ ለማንበብ ጎንበስ ሲል፣ መቻል ሳይጮህ፣ ሳያጉረመርም እጁን ነከሰው።

እጁን በሳሙናና በቧንቧ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል ሳጥብለት የምንቀጠቀጠው እኔ ነበርኩ። እሱ አልተቆጣም። "እህቴ፣ ቢጮህ ኖሮ እኮ አልገባም ነበር" አለኝ። ይህቺ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም።

ጤና ጣቢያ አብረን ሄድን። መቻል የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን በሦስተኛ ወሩ ወስዷል፣ ወረቀቱም በእጃችን ነበር። ቢሆንም "ውሻው የተከተበ ነው" ተብሎ ቤት የሚቀመጥበት ጉዳይ አይደለም። ምልክቱ አንዴ ሰው ላይ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላልና፣ ቁስሉን በደንብ አጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። እኛም ውሻውን ለ10 ቀን አስረን እንድንከታተል ተነገረን። ያን ዕለት ማታ ባለቤቴ "10 ቀኑ ካለፈ በኋላ ለሚወስደው ሰው እንስጠው" አለ። ልጄ ሰማች። እራቷን ሳትበላ ተኛች።

መቻልን የከተበው የእንስሳት ሐኪም ሊያየው ሲመጣ፣ እያፈርኩም ቢሆን የጫማውንና የመጥረጊያውን ነገር ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። መቻል ድሮም የሚጮኸው ፈርቶ እንደሆነ፣ እኛ ደግሞ ፍርሃቱ እንዳለ ሆኖ ማስጠንቀቂያውን ብቻ እንደነጠቅነው አስረዳኝ። ቡችላ ሰውንና የአካባቢውን ድምፅ ይበልጥ የሚለምደው ከ3 ሳምንት እስከ 3 ወር ገደማ ባለው ዕድሜው ነው፤ እኛ ያን ጊዜ ጓሮ አስረን ነው ያሳለፍነው። "ዝም በል!" እያልን መጮኻችንም ቢሆን ለውሻ ትርጉሙ ሌላ ነው፤ ቤተሰቡ ሁሉ አብሮት የሚጮህ ይመስለዋል።

እነዚያን 10 ቀናት የልጄን ደብተር ተውሼ መቻል መቼ እንደሚጨነቅ እየጻፍኩ ቆየሁ። አፉን ባይከፍትም ጆሮውና ጅራቱ ይናገራሉ። ከሁሉ የሚብሰው በበሩ ሥር ባለው ክፍተት የሚያልፍ እግር ነበር። ባለቤቴ ላሜራ አስቆርጦ ክፍተቱን ዘጋው፤ ግማሹ ችግር ያለ ምንም ሥልጠና ቀነሰ። ቀጥሎ ያለው ሰንሰለቱ ነው። ቀኑን ሙሉ ታስሮ የሚውል ውሻ የሚያየው ነገር ሁሉ የማይደርስበት ስለሆነ ይጮሃል፤ ሥራ ሲያጣም ይጮሃል። 10 ቀኑ በሰላም ሲያልፍ ሰንሰለቱን ፈትተን ጓሮውን በሽቦ ከለልንለት፤ ጠዋትና ማታ ደግሞ በማሰሪያ ይዘነው መዞር ጀመርን። እንግዳ ሲመጣ ከሽቦው ወዲያ እንዲቆይ እናደርጋለን፤ አንዴ ከነከሰ ውሻ ጋር ቀልድ የለም።

ቆራሌው ግን የራሱ ታሪክ ነው። ሁልጊዜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ እየጮኸ ይመጣል፣ መቻልም ድሮ ይጮህበት ነበር፣ ቆራሌውም ይሄዳል። ሰውየው የሚሄደው መንገዱ ስለሆነ ነው። መቻል ግን "አባረርኩት" ብሎ ነው የሚያድረው! በየቀኑ ጮኾ በየቀኑ ያሸንፋል፤ ታዲያ ለምን ይተዋል? መድኃኒቱ ድምፁ ከሩቅ ሲሰማ፣ መቻል ገና ሳይነሣ፣ ምግብ መሬት ላይ መበተን ነው። ቆራሌው ሲርቅ ምግቡም ያበቃል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መቻል "ቆራሌው" ሲባል ሲሰማ ወደ በሩ መሮጡን ትቶ ወደ እኔ መሮጥ ጀመረ። እኔም አንድ ጠዋት ሰውየውን ጠርቼ የባለቤቴን ነጠላ ጫማ ሸጥኩለት።

የበሩን ነገር ደግሞ እንዲህ አደረግን። ከሥጋ ቤት ሳንባ ገዝቼ ቀቀልኩና እንደ ሽንብራ ከታተፍኩት። ልጄ ወጥታ በሩን ታንኳኳለች፣ መቻል ይጮሃል። መጀመሪያ ላይ እንኳ ፈርቶ ወደ ቤቱ ነበር የሚገባው፤ ድምፁን ለመመለስ ብቻ አንድ ሳምንት ፈጀብን። ሁለት ሦስቴ እንዲጮህ እተወዋለሁ፤ ያ የሥራ ድርሻው ነው። ከዚያ ተነሥቼ ወደ በሩ እሄዳለሁ፣ ማን እንደሆነ አያለሁ፣ ተመልሼ በለሰለሰ ድምፅ "በቃ" እለዋለሁ፤ ቁራጯን አፍንጫው ሥር አስጠጋለታለሁ። እያሸተተ መጮህ ስለሚያቅተው ዝም ይላል። 2 ሰከንድ ዝም ካለ "ጎበዝ" ብዬ እሰጠዋለሁ። በማግስቱ 5፣ ከዚያ 10 ሰከንድ። በቀን ሁለቴ፣ አምስት አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ እሱም ይሰለቻል፣ ልጅም በር ማንኳኳት ይሰለቻታል።

እየጮኸ እያለ ከሰጣችሁት ጩኸቱን ገዛችሁት ማለት ነው። እኔ ተቻኩዬ ሁለት ቀን እንዲህ አድርጌ፣ ውሻው ፊቴ ቁጭ ብሎ ሳንባ ለማስመጣት ሲጮህብኝ ነው የገባኝ። ሌላው ጣጣ ቃሉ ነበር። እኔ "በቃ" እላለሁ፣ ባለቤቴ "ተው"፣ ልጄ "ዝም"። የትኛውን ይስማ? በመጨረሻ "በቃ" የሚል ወረቀት ፍሪጅ ላይ ለጥፈን ተስማማን፤ ባለቤቴ አሁንም አልፎ አልፎ ይረሳል።

"ሌባ ቢመጣስ?" ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ሰው ሳያይ "በቃ" አይባልም፤ ስለዚህ እስክንወጣ ይጮሃል። ሌሊት ሲጮህ አንዳችን ተነሥተን ባትሪ እናበራለን። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይህ ከአራሷ እኩል እንቅልፍ አሳጥቶናል። የጅቡ ነገር ግን አልተሳካም፤ ማደሪያውን ከእማማ ግድግዳ አርቀን ወደ ጓሮ ወሰድነው እንጂ አላስተውነውም። ለዚህም እማማ "ጅብ ሲመጣማ ይጩህ፣ ምን ሊያደርግ ነው?" ብለው ይቅርታ አድርገውለታል። (ውሻችሁ ባልተለመደ ሁኔታ ድምፁ ሻክሮ ወይም ተለውጦ ከሰማችሁ ግን ሥልጠናውን ተዉትና ሐኪም ጥሩ፤ የበሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል።)

የቆጣሪ አንባቢው በሚቀጥለው ወር ተመልሶ መጣ። ክትባቱን ተከታትሎ ጨርሶ ደኅና ሆኗል። አንኳኳ፣ መቻል ሦስቴ ጮኸ፣ ልጁም ከደጅ ሆኖ "እህቴ፣ ዛሬስ ይናገራል!" አለ። ሽቦውን ዘግቼ አስገባሁት።

ሕፃኗ 80 ቀኗን ሞልታ ክርስትና የተነሣች ዕለት የእማማ ቤት በሰው ተጥለቀለቀ፤ መኪና የሚያቆመውም ድስት የሚዋሰውም በኛ በር ነበር የሚመላለሰው። መቻል ጮኸ፣ "በቃ" ተባለ፣ ተኛ፤ ደግሞ ጮኸ። ከቀትር በኋላ በሩ ሲንኳኳ አንዴ ብቻ ጮኾ ጅራቱን መቁላት ጀመረ። ገና ከመቀመጫዬ ሳልነሣ የእማማ ድምፅ ከአጥሩ ወዲያ መጣ።

"ልጄ፣ ክፈቺላት፤ እህትሽ ናት!"

እውነትም እህቴ ነበረች።