ሁሉም እባብ እፉኝት አይደለም

በገጠር «እባብ! እባብ!» ተብሎ ከተጮኸ መጀመሪያ የሚፈለገው ዱላ ነው። ምን ዓይነት እባብ እንደነበር የሚጠየቀው ጭንቅላቱ ከተቀጠቀጠ በኋላ ነው፤ ያውም ከተጠየቀ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባል የለ? ፍርሃቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ግን ዱላ ካረፈባቸው እባቦች አብዛኞቹ ከአይጥ፣ ከእንቁራሪትና ከቀንድ አውጣ በቀር ማንንም የማይነኩ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ካሉት ከ3,000 በላይ የእባብ ዝርያዎች መርዝ ያላቸው 600 ያህሉ ሲሆኑ፣ ሰውን ክፉኛ የሚጎዱት ደግሞ ከ200 ትንሽ ቢበልጡ ነው። በአገራችንም ለሰው የሚያሰጉት በቁጥር ጥቂት ናቸው። ችግሩ እነዚህ ጥቂቶች ከሌሎቹ የሚለዩበት አንድ ወጥ ምልክት አለመኖሩ ነው።

ምልክት አለ የሚሉ ሰዎች ግን ሞልተዋል። «ራሱ ሦስት ማዕዘን ከሆነ መርዛም ነው» ይላሉ። «የዓይኑ ብሌን እንደ ድመት ቀጥ ብሎ ከተሰነጠቀ ሽሽ፣ ክብ ከሆነ አትስጋ» የሚልም አለ። ይህ ምክር በአብዛኛው የመጣው ከሰሜን አሜሪካ ነው። እዚያ አደገኞቹ እባቦች፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከእፉኝት ወገን ስለሆኑ ምክሩ ብዙ ጊዜ ይሠራል። እኛ ዘንድ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የማምባም የኮብራም ብሌን ክብ ነው፤ ራሳቸውም ሾል ያለ እንጂ ሦስት ማዕዘን አይደለም። ከእፉኝት ወገን የሆነውና በሌሊት እንቁራሪት የሚያድነው አጭር እባብ እንኳ ክብ ብሌን አለው። በተቃራኒው፣ እንቁላል ብቻ የሚበላውና መርዝ የሌለው እባብ ብሌኑ እንደ ድመት ስንጥቅ ነው። ያንን ምክር ይዞ ኦሞ ሸለቆ የወረደ ሰው ምስኪኑን ሸሽቶ ማምባውን ሊጠጋ ነው። ደግሞስ የዓይኑን ብሌን ለማየት የሚያበቃ ቅርበት ላይ ምን ይሠራል?

ስለዚህ የሚያዋጣው መንገድ የየአካባቢውን አደገኛ እባቦች አንድ በአንድ ማወቅ ነው። የሚገኙበት ከፍታ፣ የሰውነታቸው ቅርጽና ሰው ሲያዩ የሚያደርጉት ነገር ከራስ ቅርጽ ይልቅ ብዙ ይናገራል።

ከሁሉም በፊት ሊታወቅ የሚገባው እፉኝት ነው። ከደረቅ በረሃና ከውርጭ ተራራ በስተቀር በአገሪቱ ሰፊ ክፍል ይገኛል። አጭርና ወፍራም ነው፤ ብዙውን ጊዜ ቁመቱ አንድ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ውፍረቱ ግን የጎልማሳ ክንድ ያህል ሊደርስ ይችላል። ጀርባው ላይ ከአንገቱ እስከ ጅራቱ የቀስት ጫፍ የሚመስሉ ጥቁርና ፈዘዝ ያሉ ቅርጾች ተከታትለው ተደርድረዋል። ቀለሙ ከደረቅ ቅጠልና ከአፈር ጋር ስለሚመሳሰል ሁለት እርምጃ ላይ ተኝቶ እንኳ ላይታይ ይችላል። ብዙ ሰው እባብ ሁሉ ሲሄድ የሚጠማዘዝ ይመስለዋል፤ እፉኝት ሳይቸኩል በሆዱ እየተሳበ ቀጥ ብሎ ሊሄድ ይችላል። አደገኛ የሚያደርገው ቁጣው አይደለም፤ አለመሸሹ ነው። ሌላው እባብ የእግር ኮቴ ንዝረት ሲሰማው ውልቅ ብሎ ሲሄድ፣ እፉኝት አለመታየቱን ተማምኖ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ሰው ይረግጠዋል፤ ያኔ ይነድፋል። ቀድሞ ከተረበሸ ግን ሰውነቱን በአየር ነፍቶ እንደ ወናፍ ጮክ ብሎ ይተነፍሳል፤ ይህን ድምፅ የሰማ ሰው ባለበት ቆሞ እግሩ የቱ ጋ እንዳለ ማየት አለበት።

ስለ እፉኝት የቆየ ታሪክ አለ፤ ልጆቹ ሲወለዱ የእናታቸውን ሆድ ቀደው ይወጣሉ ይባላል። ከግሪክ ወደ ግዕዝ በተተረጎመው «ፊሳልጎስ» በተባለው ጥንታዊ የእንስሳት መጽሐፍም ይገኛል፤ ውለታ ቢስን «የእፉኝት ልጅ» ብሎ መስደብም ከዚሁ እምነት ጋር የተያያዘ ነው። ግማሹ እውነት ነው። ብዙዎቹ እባቦች እንቁላል ሲጥሉ እፉኝት ግን አይጥልም፤ ከሃያ እስከ አርባ የሚደርሱ ሕያው ልጆችን ይወልዳል። እናቲቱ ግን አትሞትም። የተወለዱት ትንንሾችም ከመጀመሪያዋ ሰዓት ጀምሮ መርዝ አላቸው፤ ትንሽ ነው ብሎ በእጅ ማንሳት አይቻልም።

የእፉኝት ዘመድ የሆኑ፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማይገኙ ሁለት ዝርያዎችም አሉን። አንዱን ጀርመናዊው ተመራማሪ ቮልፍጋንግ በሜ በ1977 እ.ኤ.አ. ከደቡብ ምዕራቡ የቡና ደን በተገኘ ናሙና ለሳይንስ አስተዋወቀው፤ ጥቁርና ቢጫ አረንጓዴ ቀለም የተዋሐደበት በጣም ውብ እባብ ነው። ሁለተኛው በባሌ ተራሮች የሐረና ጫካ ስም የተሰየመ ሲሆን ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። በዚህ ዘመን ይህን የሚያክል እባብ አዲስ ሆኖ መመዝገቡ ስለ ጫካዎቻችን ምን ያህል ጥቂት እንደተጠና ይናገራል።

በቆላው ደግሞ ሌላ ትንሽ እፉኝት አለ፤ ከሰው ክንድ ብዙም የማይረዝም፣ ቀለሙ አሸዋ የመሰለ። ሲቆጣ ሰውነቱን እንደ ግማሽ ክብ ደራርቦ በማጠፍ ሸካራ ቅርፊቶቹን ያፋትጋል፤ ድምፁ ትኩስ ምጣድ ላይ ውኃ እንደተረጨ ነው። በትንሽነቱ የተናቀ ነው፤ መርዙ ግን ደምን እንዳይረጋ ያደርጋል። የተነደፈው ሰው ከድዱ፣ ከቆየ ቁስሉና ከሽንት ቧንቧው ሊደማ ይችላል። እንቁላል በሉ እባብ የሚያስመስለው ይህንን ነው። እሱም እንዲሁ ታጥፎ ቅርፊቱን ያፋትጋል፤ አፉን ከፍቶ ይወረወራል፤ ውስጡ ግን ይህ ነው የሚባል ጥርስ የለም። እንቁላሉን እንዳለ ይውጥና በጉሮሮው ውስጥ ከአከርካሪው በወጡ ጉጦች ሰብሮ ቅርፊቱን ይተፋዋል። በማስመሰል ነፍሱን ከአዳኞች ያድናል፤ ከሰው ዱላ ግን ያው ማስመሰሉ ነው የሚያስገድለው።

ኮብራ ለመለየት የሚቀለው ሲቆጣ ነው፤ ከፊት ያለውን አካሉን ቀጥ አድርጎ አንገቱን ያሰፋል። ሲሸሽ ግን እንደማንኛውም ቡናማ ወይም ጥቁር እባብ ነው። የግብፅ ኮብራ የሚባለው በመንደፍ ብቻ ይጎዳል፤ መርዙ ነርቭ ላይ ይሠራል። ጥቁር አንገት ያለውና ቀላ ያለው ኮብራ ደግሞ መርዝ ይረጫሉ፤ ሁለት ሜትርና ከዚያም በላይ ርቀት ላይ ሆነው ዓይን ላይ ያነጣጥራሉ። ዓይኑ ላይ የተረጨበት ሰው በብዙ ንጹሕ ውኃ ወዲያው ደጋግሞ መታጠብና ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት፤ ማሸት ግን ጉዳቱን ያባብሳል። ማምባ በደቡብና በሌሎች ቆላ አካባቢዎች ይገኛል። ስሙ «ጥቁር ማምባ» ቢሆንም አካሉ ግራጫ ወይም ቡናማ ነው፤ የጠቆረው የአፉ ውስጥ ነው። ረጅምና ቀጭን ነው፤ ፈጣንም ነው። ሰውን አሳድዶ ይነድፋል የሚባለው ግን ወሬ ነው፤ መውጫ ካገኘ ይሄዳል።

ለእኔ ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስቡት ስማቸው ብዙም የማይነሳ ሁለት እባቦች ናቸው። አንደኛው አፈር ውስጥ የሚኖር፣ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ፣ ጣት የሚያህል ቀጭን እባብ ነው። ዓይኑ የነጥብ ያህል ነው፤ ራሱ ከአንገቱ አይለይም፤ ሲያዩት ትል የሚመስለውን መርዝ አልባ ዕውር እባብ ነው የሚመስለው። ይህ እባብ አፉን ሳይከፍት ጥርሱን በጎን አውጥቶ ስለሚወጋ፣ ከማጅራቱ የያዘው ባለሙያ እንኳ ይወጋል። በዝናብ ወቅት ጉድጓዱ ውኃ ሲሞላበት ይወጣል፤ የሚነድፈውም ብዙውን ጊዜ ሊያነሳው የሞከረን እጅ ነው። ሁለተኛው በዛፍ ላይ የሚኖረው፣ ትልልቅ ዓይኖች ያሉት አጭር ራስ ባለቤት ነው፤ ወንዱ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ፣ ሴቷ ቡናማ ናት። አረንጓዴ ማምባ በአገራችን ስለሌለ፣ ቁጥቋጦ ላይ የሚታይ አረንጓዴ እባብ ወይ ምንም የማያደርገው ቀጭኑ አረንጓዴ እባብ ነው፣ ወይ ይህ። ጥርሱ ወደ ኋላ ስለሚገኝ ለረጅም ጊዜ እንደ ቀላል ይታይ ነበር። በ1957 እ.ኤ.አ. በቺካጎ የታወቀው የእባብ ተመራማሪ ካርል ሽሚት በዚሁ እባብ አንድ ግልገል ከተነደፈ በኋላ አይገድልም ብሎ የሚሰማውን ሁሉ በማስታወሻው እየጻፈ ቆየ፤ በማግሥቱ ሞተ።

ጉዳት የሌላቸውን በአጭሩ እንለፋቸው። በጎተራና በድንጋይ ካብ መካከል የሚታየው፣ ከአፍንጫው በዓይኑ በኩል ፈዛዛ መስመር ያለው ቡናማ የቤት እባብ አይጥ ለቃሚ ነው፤ ገበሬ ሊገድለው አይገባም። በደጋ አትክልት ቦታ ድንጋይ ሲገለበጥ የሚገኘው፣ ሲነኩት እንደ ኳስ የሚጠቀለለው ትንሽ ቡናማ እባብ ምግቡ ቀንድ አውጣና መሰሎቹ ናቸው። በቀን ብርሃን ሣር ውስጥ እንደ ጅራፍ ተወርውሮ የሚያልፈው ቁመተ ረጅም ባለ መስመር እባብ መጠነኛ መርዝ ቢኖረውም ለሰው የሚያሰጋ አይደለም። ዘንዶ መርዝ የለውም። አባ አረጋዊን ደብረ ዳሞ ላይ ያወጣቸው ነው ተብሎ ሲከበር፣ በአርዌ አፈ ታሪክ ደግሞ ሲፈራ ኖሯል፤ ትልቁ ዘንዶ ቢነክስ ክፉኛ ያቆስላል፣ አይመርዝም። መቼም ሰዋችን እስስትን እንኳ መርዛም ናት ብሎ የሚሸሽ በመሆኑ፣ በቅርፊት የተሸፈነ ሁሉ በአንድ ሚዛን መመዘኑ አይገርምም።

የከፍታው ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በአዲስ አበባ ዓይነት ደጋ ማምባም ሆነ መርዝ የሚረጭ ኮብራ አይጠበቅም። እባቡ የሚያስቸግረው ቆላ ነው፤ በተለይ በመተማና በሁመራ በኩል ባሉት የሰሊጥ እርሻዎች። ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደው ወጣት የቆላውን እባብ አያውቀውም፤ ነጠላ ጫማ አድርጎ ያጭዳል፤ ነዶ በባዶ እጁ ያነሳል፤ ማታ መሬት ላይ ይተኛል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በዚያው አካባቢ ባለችው አብደራፊ ካላዛርን ባከሙበት ቦታ በእባብ የተነደፉትንም ያከሙት በዚህ ምክንያት ነው። ቦት ጫማ፣ ባትሪ፣ ነዶ የሚያነሳበት ረዘም ያለ እንጨትና ጠርዙ ከፍራሹ ሥር የተወሸቀ አጎበር ከማንኛውም የእባብ ዕውቀት በላይ ያድነዋል።

ሰው ከተነደፈ በኋላ እባቡን ማሳደድ ሁለተኛ ተነዳፊ ይፈጥራል፤ የተቆረጠ ራስ እንኳ መንከስ ይችላል። በአካባቢው የሚደረገው መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ በገመድ አጥብቆ ማሰርና ጥቁር ድንጋይ መለጠፍ መርዙን አያወጣም፤ ቁስል ይጨምራል፣ ሰዓት ይበላል። ቀለበትና አምባር ማውለቅ፣ የተነደፈውን እጅ ወይም እግር እንደ ስብራት በእንጨት ደግፎ እንዳይንቀሳቀስ ማድረግ፣ ሰውየውን ሳያራምዱ ተሸክሞ ጤና ተቋም ማድረስ ነው ሥራው። ሁለት ቀዳዳ ታየ አልታየ ብዙ አያሳይም፤ መርዛም እባብም አንዳንዴ መርዝ ሳይለቅ ይነድፋል።

ሐኪሙ እባቡን ባያየውም ሰውነቱን ያነባል። እብጠቱ ወደ ላይ እየወጣ፣ ውኃ እየቋጠረና ቆዳው እየጠቆረ ከሆነ እፉኝት ወይም መርዝ የሚረጭ ኮብራ ይጠረጠራል። የዓይን ቆብ ከወደቀ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተና ንግግር ከተኮላተፈ ማምባ ወይም የግብፅ ኮብራ ነው፤ እዚህ ላይ ትንፋሹን የሚያግዝ መሣሪያ ቶሎ ያስፈልጋል። ጉዳዩ የደም መርጋት ሲሆን ደግሞ ላቦራቶሪ በሌለበት ጤና ጣቢያም የሚሠራ ምርመራ አለ። ከደም ሥር 2 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ተቀድቶ በንጹሕና ደረቅ የብርጭቆ ቱቦ ይቀመጣል፤ 20 ደቂቃ ሳይነካ ይቆያል፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ዘንበል ይደረጋል። ረግቶ ካልፈሰሰ የደሙ መርጋት ደህና ነው፤ እንደ ውኃ ከፈሰሰ ፀረ መርዝ ይፈልጋል። ቱቦው ፕላስቲክ ከሆነ ወይም በሳሙና ታጥቦ ከነበረ ውጤቱ ያሳስታል።

ፀረ መርዝ ግን ለሁሉም እባብ አንድ አይደለም። ከሕንድ እባቦች መርዝ የተሠራ መድኃኒት በአፍሪካ እባብ ለተነደፈ ሰው ሲሰጥ፣ ታማሚው መድኃኒት አገኘ ተብሎ ሳይድን የቀረባቸው አገሮች አሉ። ለአሥር የአፍሪካ እባቦች ይሠራ የነበረውን ፋቭ አፍሪክን ፈረንሳዊው ሳኖፊ ፓስተር በ2014 እ.ኤ.አ. ማምረት አቆመ፤ የመጨረሻው ክምችት በሰኔ 2016 እ.ኤ.አ. ጊዜው አለፈ። የዓለም ጤና ድርጅት በእባብ መነደፍን በ2017 እ.ኤ.አ. ትኩረት ከተነፈጋቸው በሽታዎች ተርታ መዘገበው፤ ሞቱንና የአካል ጉዳቱን እስከ 2030 እ.ኤ.አ. በግማሽ የመቀነስ ዕቅድም አወጣ። አሁን ገበያ ላይ ያሉት ብልቃጦች ጎናቸው ላይ የትኞቹን ዝርያዎች እንደሚያክሙ ተጽፎባቸዋል። መድኃኒቱን የሚገዛው ሰው ያንን ዝርዝር በወረዳው ካሉት እባቦች ጋር ማመሳከር አለበት፤ የሚሰጠው ነርስም ከስድስት ሰዓት በኋላ የደሙን ምርመራ ይደግምና አሁንም ካልረጋ ተጨማሪ መድኃኒት ያዘጋጃል።