የኋላ ዲፈረንሻሉ «የራሱ» መሆኑ በምን ይታወቃል?

«የኋላ ጎማው ከፊቱ ገባ ካለ ዲፈረንሻሉ ተቀይሯል፤ እንዳትገዛ።» ጁባ ላይ ላንድክሩዘር ሊገዛ የተነሳ ሐበሻ ይህን ምክር ሳይጠይቅ ያገኘዋል። ምክሩ ስህተት ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2007 በ70 ተከታታዩ ላይ የቪ 8 ናፍታ ሞተር ሲጭን፣ ሞተሩ ሰፊ ስለሆነ የፊት እግሩን አሰፋው፤ የኋላውን እንዳለ ተወው። በቪ 8 ፒካፑ ላይ የኋላ ጎማዎች ርቀት ከፊቶቹ በ9 ሴንቲ ሜትር ያህል ያንሳል። ሜትር ይዘው ደህና መኪና የሚያስጥሉ ሰዎች የደረሱበት ሌብነት ሳይሆን የፋብሪካው አሠራር ነው።

በዓይን የሚታይ ምልክት ከተፈለገ የጎማ ቡሎን ይቆጠር። ጭነት ቻዮቹ 78 እና 79 እ.ኤ.አ. በ1999 ሲመጡ ቸርኬያቸው ባለ 5 ቡሎን ሆነ፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ባለ 6 ናቸው። ፊቱ 5፣ ኋላው 6 ከሆነ ነገሩ ያለቀለት ነው፤ አንድ ቅያሪ ጎማ እንኳ ለሁለቱም አይሆንም። ቀጥሎ በሞተር ክፍሉ ውስጥ ያለውን የብረት ሰሌዳ ማንበብ ነው። የአክስሉ ኮድ እዚያ ተጽፏል፤ ፊደሉ የኮሮናውን (የትልቁን ባለ ጥርስ ቀለበት) መጠን፣ ተከታዮቹ ቁጥሮች የጥርሱን ስሌት፣ የመጨረሻው ምልክት የዲፈረንሻሉን ዓይነት ይናገራል። (ጋራዥ ውስጥ ድፍን ብረቱን «ዲፈረንሻል» እንላለን፤ ስሙ በትክክል የሚገባው መሐል ላሉት ትንንሽ ማርሾች ነው። እኔም እንደ ጋራዡ እቀጥላለሁ።)

ሰሌዳው የሚነግረን ግን ምን መኖር እንደነበረበት ነው። ምን እንዳለ የሚናገረው ራሱ ማርሹ ነው፤ ለማወቅም መፍታት አያስፈልግም። ሜዳ ቦታ ላይ የፊት ጎማዎቹ በድንጋይ ይታገዱ፣ ካምቢዮው ነጻ ይሁን፣ ፎርዊሉ ይውጣ፣ የእጅ ፍሬኑ ይለቀቅ። አንዱ የኋላ ጎማ ብቻ በክሪክ ይነሳ። አሁን ከካምቢዮ ወደ ኋላ በሚመጣው ዘንግ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጎ የተነሳውን ጎማ 20 ጊዜ ማዞር ነው። ኮሮናው ሁልጊዜ የሚዞረው የሁለቱን ጎማዎች አማካይ ነው፤ አንዱ መሬት ይዞት ስለቆመ 20 የጎማ ዙር ለኮሮናው 10 ዙር ይሆናል። ኮሮናው 41 ጥርስ፣ እሱን የሚያዞረው ትንሹ ማርሽ (ፒኞኑ) 10 ጥርስ ከሆነ ዘንጉ በትክክል 41 ጊዜ ይዞራል። ለ43 እና 11 ግን 39 ዙር ሞልቶ ጥቂት ያልፋል። የሁለት ዙር ልዩነት ለማንም ዓይን ይበቃል።

ይህ 5 በመቶ ያህል ልዩነት በፊትና በኋላ ዲፈረንሻል መካከል ሲገኝ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ፎርዊል ሲገባ ሁለቱም ዘንጎች እኩል እንዲዞሩ ይገደዳሉ፤ ጎማዎቹ ግን በ100 ሜትር ጉዞ 5 ሜትር ያህል ይለያያሉ። ክረምት ላይ ጭቃው ጎማውን እያንሸራተተ ልዩነቱን ይውጠዋል፤ ባለ መኪናውም ምንም አይሰማውም። ደረቅ ጠንካራ መሬት ላይ ሲደርስ ግን ኃይሉ መውጫ አጥቶ ዘንጎቹን ይጠመዝዛል፤ የፎርዊሉ ማርሽ ይነክስና አልወጣም ይላል። ከጁባ እስከ ኒሙሌ ባለው 192 ኪሎ ሜትር አስፋልት ላይ ፎርዊል ስለማይገባ ያ መኪና ጤነኛ መስሎ ይሄዳል። «አስፋልት ላይ ነዳሁት፣ ድምፅ የለውም» የሚል ማረጋገጫ ምንም ያላረጋገጠው ለዚህ ነው።

ከተፈታማ የበለጠ ይነበባል። 41 እና 10 የጋራ አካፋይ የላቸውም፤ እያንዳንዱ የፒኞን ጥርስ 41ዱንም የኮሮና ጥርሶች ሳያዳርስ ወደ ጀመረበት አይመለስም። አበላሉ እኩል የሚሆነው በዚህ ነው። ሁለቱ ፋብሪካ ውስጥ አብረው ስለሚፋተጉ እንደ ወፍጮና መጁ አንዱ ለሌላው የተበጀ ነው፤ ጥንድነታቸው እንዲታወቅም አንድ ዓይነት ቁጥር ይጻፍባቸዋል። ኮሮናው ከአንድ መኪና፣ ፒኞኑ ከሌላ ከመጣ ቁጥሩ ይለያያል፤ መኪናውም ያፏጫል።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ አለብኝ። 41 ለ10 እና የቀድሞው 37 ለ9 በ20 ዙር የሚለያዩት በአንድ ዙር አሥረኛ ነው፤ በእጅ ቆጠራ አይለዩም። ሸርተቴ የሚቀንስ ዲፈረንሻል ያለውም በዚህ ዘዴ በቀላሉ አይፈተሽም። ከሁሉም በላይ፣ ይህ ሁሉ ተስማምቶ እንኳ ዲፈረንሻሉ ከዚህ መኪና ጋር ከፋብሪካ መውጣቱ አልተረጋገጠም። የመኪናው መለያ ቁጥር የተመታው ሻንሲው ላይ እንጂ አክስሉ ላይ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. የ1969 ካማሮ ወይም ሼቬል የሚገዙ ሰብሳቢዎችም ያው ችግር አለባቸው። ክዳኑ በ12 ቡሎን በሚታሰረው የኋላ አክስል ላይ ኮድ ተመቷል፤ በብረቱ ላይም ቀልጦ የፈሰሰበት ቀን አለ፤ A ጥር፣ L ታኅሣሥ እየተባለ። ቀኑ መኪናው ከተገጣጠመበት ትንሽ ከቀደመ ይደሰታሉ። ያ ግን መመሳሰልን እንጂ ዝምድናን አያሳይም።

እነሱ የሚገዙት ታሪክ ስለሆነ ጭንቀታቸው ይገባል። ጁባ ላይ ግን መኪና የሚገዛው ለሥራ ነው። ከሌላ መኪና የመጣ፣ ቁጥሩ የገጠመ፣ ከፊቱ ጋር እኩል የሚቆጥር ዲፈረንሻል ደህና ዲፈረንሻል ነው። ሻጩን «የራሱ ነው ወይ?» ብሎ ማስማል ትቶ ከፊቱ ጋር ይስማማ እንደሆነ ክሪክ አውጥቶ መቁጠር ይሻላል። አልቆጥርም የሚል ሻጭ ካለ ዋጋው ከዚያ ይጀምር።