የሞተር ማስተካከያ ጋራዦችና ደንበኞቻቸው

ስለ ጋራዥ ሲነሣ ከአውቶሞቢል ባለቤቶች የሚሰማው ቅሬታ አንድ ዐይነት ነው፤ ይኸውም «ዛሬ ማታ ውሰድ» ተብሎ ሦስት ቀን መመላለስ፣ ከተነገረው በላይ ሒሳብ መጠየቅ፣ ተስተካከለ የተባለውም ሞተር በወሩ ወደ ቀድሞው ሕመሙ መመለስ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሁሉ የመካኒኩ ተንኰል ያደርገዋል። ተንኰለኛ የለም ለማለት አይቻልም፤ ነገር ግን የጉዳዩ ሥር ከሰው ጠባይ ይልቅ በሥራው ዐይነት ላይ የተመሠረተ መሆኑን ከዚህ ቀጥሎ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ቅቤ የሚገዛ ሰው አሽትቶና ቀምሶ ይገዛል። የምግብ ቤት ወጥ ግን ከተበላ በኋላ ይታወቃል። ከነዚህ ሌላ ሦስተኛ ዐይነት አለ፤ ገዢው ከተገለገለበት በኋላም እንኳ አስፈላጊ እንደ ነበረና በትክክል እንደ ተሠራ ለይቶ አያውቅም። ዳርቢና ካርኒ የተባሉ የኤኮኖሚ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት ያመለከቱት ይህንኑ ነው። የሞተር ማስተካከል ሥራም ከዚሁ ይመደባል፤ ምክንያቱም በሽታውን የሚመረምረውና መድኃኒቱን የሚሸጠው አንድ ሰው ነው።

ለምሳሌ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ የአየሩም ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር ወደዚህ ሲወጣ አየሩ ስለሚሳሳ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል። ጢሱ ይጠቁራል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይይዛል፤ ኀይሉም ይደክማል። መካኒኩ ካንዴላ ብቻ ለውጦ ቢያስረክብ ሞተሩ ለጊዜው ደኅና ይነሣል፤ ካርቡራቶሩ ካልተስተካከለ ግን አዲሱም ካንዴላ መጥቆሩ አይቀርም። ያን ጊዜ ደንበኛው «አሮጌ ገጠመልኝ» ይላል፤ መካኒኩም «ቤንዚንህ ነው» ይላል። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ማብራሪያ ባለመሰጠቱ ሁለቱ ተቀያይመው ይለያያሉ።

ቤንዚን በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚረጩት አዳዲስ ሞተሮች የአየሩን መጠን ለክተው ራሳቸው ያስተካክላሉ። ዳሩ ግን ችግሩ መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። ኮምፒውተሩ የሚያወጣው የብልሽት ቍጥር የምርመራ መነሻ ነው እንጂ ይህን ዕቃ ለውጥ የሚል ትእዛዝ አይደለም። ቍጥሩን ብቻ አይቶ ዕቃ የሚለውጥ ጋራዥ በደንበኛው ገንዘብ ይገምታል።

ጉዳቱ በአንድ ደንበኛ ላይ አይቆምም። አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ አውቶሞቢሎች ገበያ ሲጽፍ፣ ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ጥሩው ዕቃ ከገበያ እየወጣ እንደሚሄድ አስረድቷል። ጋራዥም እንዲሁ ነው፤ ደንበኛው መለያ ስለሌለው ወደ ርካሹ ይሄዳል፤ ለክቶና ፈትኖ የሚያስረክበው ባለሙያ ግን ለድካሙ የሚከፍለው ያጣል። ታክሲው በቆመ ቁጥር የዕለት ጉርሱ የሚቋረጥበት ሹፌር የዚህ ዕዳ ዋና ከፋይ ነው። ከዚህም በላይ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ወሰነ፣ በእጅ ያሉትን ጠግኖ ማቆየት የበለጠ ያስፈልጋል።

መፍትሔው የሚታየው መተማመንን በጽሑፍ ከማድረግ ላይ ነው። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣው ሕግ፣ ጋራዡ ሥራ ሳይጀምር ግምቱን በጽሑፍ እንዲሰጥ፣ ከግምቱ በላይ ያለ ደንበኛው ፈቃድ እንዳያስከፍል፣ የወለቀውንም ዕቃ ሲጠየቅ እንዲመልስ ደንግጓል። በእኛም አገር የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሥራ ተቋራጭ የተዋዋለውን ውጤት በራሱ ኀላፊነት እንዲያስገኝ ያዛል፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል።

እንግዲህ ደንበኛው ሕግ እስኪያስከብርለት ሳይጠብቅ ሦስት ነገር ቢያደርግ ይጠቀማል፤ የሞተሩን ምልክት እንጂ የሚለወጠውን ዕቃ አይዘዝ፤ ግምቱን በጽሑፍ ይቀበል፤ የወለቀውን ዕቃ አሳዩኝ ይበል። ባለ ጋራዡም የጠቆረውን ካንዴላ በእጁ ይዞ ምክንያቱን ቢያስረዳ ከማናቸውም ማስታወቂያ ይልቅ ደንበኛ ያተርፍለታል።