ብድር ቧንቧ ይዘረጋል፤ ውሃውንስ ማን ያቆየዋል?

በኮልፌ ቀራንዮ የሚገኘው ዓለም ባንክ ሰፈር ስሙን ያገኘው፣ በደርግ ዘመን የቤቶቹን ሥራ በገንዘብ ከረዳው ከዓለም ባንክ ነው። የከተማው ውሃና ፍሳሽ ነገርም ከዚህ ስም አይርቅም። በ2010 ዓ.ም. የተመረቀውና በቀን እስከ 100,000 ሜትር ኩብ ቆሻሻ ውሃ እንዲያጣራ የታቀደው የቃሊቲ ጣቢያ በዚሁ ባንክ ገንዘብ ተሠርቷል።

ይሁን እንጂ ብድር ቧንቧ ይዘረጋል እንጂ የተሰበረውን ሲጠግን አይኖርም። በ1963 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ለጥገናው፣ ለመብራቱና ለደመወዙ የሚተማመነው ደንበኛው በየወሩ በሚከፍለው ሂሳብ ነው። ታሪፉም በደረጃ ስለ ሆነ፣ ብዙ የቀዳ ለአንዱ ሜትር ኩብ አብልጦ ይከፍላል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ጀሪካኗን ደርድራ ተራዋን የምትጠብቅ እናት ሂሳቧን ስትከፍል የነገውንም ውሃ መክፈሏ ነውና፣ ገንዘቧ የዋለበትን ብትጠይቅ ይገባታል።